አሥረኛው ቅርስ

ይህ በእርግጥ የሆነ ነው።

በውስጡ ያለው ውሸት አንዲት አንቀጽ ብቻ ናት... እሷንም የጻፈው ባለታሪኩ ራሱ ነው። የነገረኝም እሱ ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቦታው ተበላ ከሚባለው ከተማ ወዲያ ባለች ሌላ ትንሽ ከተማ፣ ቅርስ መዝግብ ተብሎ ፋኑኤል የተቀመጠበት ቢሮ።

ፋኑኤል ደክሞታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሶዶ ለመዛወር አራት ጊዜ አመልክቷል። ሚስቱ ሳህሊቱ ሶዶ ናት፤ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ብርነሽ የከተማዋን ታሪክ የሚዘረዝረውን ብሮሸር ካስረከበ ዝውውሩን እንደሚፈርሙለት ነግረውታል።

የብሮሸሩ ቅጽ ግን አሥር ቅርስ ይጠይቃል።

ከተማዋ ያላት ዘጠኝ ነው። ያውም ሥራ ያቆመውን ወፍጮ ጨምሮ። ባዶ ረድፍ ያለበት ቅጽ ደግሞ ሳይነበብ ይመለሳል።

ስለዚህ አሥረኛውን ፈጠረ።

ገበያው መሀል ባለው ዋርካ ሥር ፈጠነች የምትባል የስልሳ ዓመት ቅቤ ነጋዴ ተቀብራለች ብሎ ጻፈ። ባሏ እመለሳለሁ ብሎ ሶዶ ሄዶ ቀረ። እሷም ነጭ ሻሽ አስራ መንገድ መንገዱን ስታይ ኖረች። ስትሞት፣ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙራችሁ አቁማችሁ ቅበሩኝ ብላ ተናዘዘች።

ጽፎ ሲጨርስ ትንሽ አዘነላት። ከዚያ ረሳት።

ረቂቁ ረቡዕ ጠዋት ለሕዝብ አስተያየት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ቦልቴ ገቡ። በከተማዋ ሽምግልና ካለ እሳቸው አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ትንሽ ስሕተት አይቼ ነው አሉ።

"ሻሿ ነጭ አይደለም ልጄ። አረንጓዴ ነው።"

ፋኑኤል በሆዱ ሳቀ። በዚህ አገር የፈጠርከው ሰው እንኳ ዘመድ አያጣም። አስተካከለው።

ጥቂት ቆይቶ ልብስ ሰፊው ደገፉ መጣ። ዕድሜዋም ስልሳ ሳይሆን ሠላሳ አንድ ነው አለ።

ሳህሊቱም ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው...

ይህንንም አስተካከለ። አሁን አልሳቀም።

ከዚያ አቶ ቦልቴ ተመለሱ። አልተቀመጡም። ከበሩ ላይ ሆነው አንሾካሾኩ።

"አንድ ቀርቷል።"

"ምን ቀረ አባባ?"

"መንገዱን አይደለም የምታየው።"

"ታዲያ ምኑን ነው?"

"መስኮትህን።"

ዞር ብሎ አየ። ገበያተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ተፋፍጓል። የዋርካው ጥላ ሥር... አንድም ሰው የለም።

"ይህን ማን ነገራችሁ?"

ሽማግሌውም የደከማቸው ይመስላሉ። ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ እንደነሳቻቸው ነገሩት።

"ራሷ ናት የላከችን። እሱም ጥሎኝ ሶዶ ሊሄድ ነው ወይ ትላለች።"

ፋኑኤል አሥረኛውን ረድፍ ሊሰርዝ ብዕሩን አነሳ። ከሰረዘ ቅጹ ይመለሳል። ቅጹ ከተመለሰ ዝውውር የለም... ሳህሊቱ ብቻዋን ትወልዳለች።

ብዕሩን አስቀመጠ።

ወይዘሮ ብርነሽ ረድፎቹን በጣታቸው እየጠቆሙ እስከ አሥር ቆጠሩ፤ አንድም ሳያነቡ ፈረሙ።

አሥር ሰዓት ላይ የዝውውር ደብዳቤውን በኪሱ ይዞ በዋርካው በኩል ወደ መኪና ሄደ። ማንም የለም። ግንዱ ሥር ግን ጉድጓድ አለ። ለመተኛት የጠበበ... ለመቆም የሚበቃ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ገበያተኛው ፊቱን አዙሯል።

የሶዶው ሚኒባስ ገና ከከተማዋ ሳይወጣ ስልኩ ጠራ። ሳህሊቱ ናት።

"ፋኒ፣ የላክሃት ሴትዮ ደርሳለች።"

"የቷ ሴትዮ?"

"ባለ አረንጓዴ ሻሿ ነቻ። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። መቆም ለምጃለሁ ትላለች።"



ሳህሊቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ፋኒ... ከአንገቷ በታች ሁሉ አፈር ነው። በራፌ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።"