የበሰለውን ፍሬ ይንኩ

መርማሪዋ የዩኒቨርሲቲውን የአጥንት ክፍል ደፍ ስትረግጥ የተቀበላት የሟቹ ድምፅ ነበር።

«እንኳን ደህና መጡ። ዛሬ የጦጣን ዓይን እናጠናለን» አለ፤ ረጋ ብሎ፣ ሰው ፊቱ እንደተቀመጠ ሁሉ።

ባለድምፁ ፕሮፌሰር ግን ከመሰላሉ ሥር በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ድምፁ የመጣው ከጠረጴዛው ኮምፒዩተር ነው። አንድ ፖሊስ ሳያውቅ ስክሪኑን ነክቶት ኖሮ፣ ክው ብሎ ወደ ግድግዳው ተለጥፏል።

«አይዞህ፣ ሙት አይናከስም» አለችው መርማሪዋ። ይህን ስትል ግን የራሷም ቆዳ ሽክክ ብሏል።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የማትገባበት ቀዳዳም የለም። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ ቃኘች። ከየመደርደሪያው የዝንጀሮና የጎሪላ ራስ ቅሎች በባዶ ዓይናቸው ያዩዋታል። ከመሰላሉ በቀር የወደቀ ዕቃ የለም። በሩ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ሁሉም ሰው «አደጋ ነው፣ ሽማግሌ ምን መሰላል ላይ አወጣው» ብሎ ጨርሷል።

የሟቹ ልጅ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ነበር። ለአባቷ ሥራ ሥዕሎቹን የምትሥል እሷ ናት፤ ጣቶቿ በቀለም ተለውሰዋል። ዓይኗ ደርቋል።

«አባዬ ከዚህ ሶፍትዌር ሌላ ወሬ አልነበረውም» አለች። «ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ያለ አስተማሪ፣ የጦጣና የዝንጀሮን ተፈጥሮ እንዲማርበት ነው። የአባዬ ድምፅ ይጠይቃል፣ ተማሪው ስክሪኑን ነክቶ ይመልሳል።»

«የሰማሽውን ንገሪኝ፣ ልጄ።»

«የሆነ ከባድ ነገር ዱብ አለ። ሮጬ በሩን ብገፋው ተቆልፏል። ‹አባዬ፣ ምን ሆንክ?› አልኩ። ‹ተሳስተዋል። እንደገና ይሞክሩ› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ደግሜ ጠራሁት። ደግሞ ያንኑ አለኝ። መቼም እኔን አንቱ አይለኝም፤ ትምህርቱን እየሞከረ ነው ብዬ ተመለስኩ። ቀለም ላመጣ ወርጄ ስመጣ ጭር ብሏል። ጥበቃው በቁልፍ ከፈተልኝ።» ቀለም የነካቸውን ጣቶቿን አቆላለፈች። «አሁንም ይሰማኛል። ጆሮዬን ብደፍነው ከውስጥ ይመጣል።»

ሶፍትዌሩን የሠራው ፕሮግራመር ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለችው።

«አልዋሽም፣ ተጨቃጭቀናል። ድምፅዎን ለሌላ ትምህርትም ልጠቀምበት ብላቸው፣ ‹ሞቼ እንኳ ልታስለፈልፈኝ ነው?› አሉኝ።» ከአፉ የወጣው ቃል ራሱን አስደነገጠው።

«ነገሩ ብቻውን ያወራል?»

«በፍጹም። አንዴ ይጠይቅና እንደ ድንጋይ ዝም ነው። ሰው ካልነካው አይተነፍስም።»

«ጥያቄ መዝለልስ ይቻላል?»

«አቋራጩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

ሦስተኛው የተጠየቀው ሰው ረዳት መምህሩ ነው። ፕሮፌሰሩ ከተማሪነቱ ጀምሮ እንደ ልጅ አቅርበው ያሳደጉት፣ የጫካ ጦጣዎች ፍሬን በቀለሙ እንዴት እንደሚመርጡ አጥንቶ ስም ያተረፈ ሰው። ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል።

«ጋሼ አባቴ ነበሩ! ከጠዋት ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ነበርኩ፤ አጠገባቸው ብሆን ኖሮ...»

መርማሪዋ ወደ እግሩ አየች። አንዱ ካልሲ አረንጓዴ፣ ሌላው ቡናማ ነው።

«ሐዘን ልብ ያሳጣል» አለች በዓይኗ እያመለከተች።

እሱም ወደ እግሩ አየ። ምንም ሳይታየው ቀና አለ። «ምኑ?» አላት።

አስከሬኑ ከተወሰደ በኋላ ሦስቱንም አጥንት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ልጅቷ የሰማችው አንድ የመውደቅ ድምፅ ነው» ብላ ጀመረች። «እዚህ የወደቁት ደግሞ ፕሮፌሰሩና መሰላሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲመልስላት እሳቸው መሬት ላይ ነበሩ። እንደሰማነው ሰው ካልነካው አይናገርም። ታዲያ ማን ነካው? ከበሩ ወዲህ ሌላ ሰው ነበር። አባቷ በሕይወት ያሉ መስሏት እንድትሄድ በድምፃቸው ሸነገላት፤ ቀለም ልታመጣ ስትወርድ ወጥቶ ሄደ፣ በሩም በራሱ ተቆለፈ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ፕሮግራመሩ ቢሆን ጥያቄውን ዘሎ ረጅም ገለጻ ይከፍትላት ነበር። ይሄኛው ግን ደጋግሞ ተሳሳተ። እስቲ ጥያቄውን እንየው።»

ስክሪኑን ነካችው። ቅጠላም ዛፍ መጣ፤ ፍሬዎቹ በቅርጽም በመጠንም አንድ ናቸው።

«የበሰለውን ፍሬ ይንኩ» አለ የሟቹ ድምፅ።

«ይሄማ የሕፃን ነው፣ ቀዩን መንካት ነው» አለ ፕሮግራመሩ።

«መምህር፣ እርስዎ ይሞክሩ።»

ረዳት መምህሩ ላብ አጠመቀው። ጣቱ ስክሪኑ ላይ ተንከራተተና አንዱን ነካ።

«ተሳስተዋል። እንደገና ይሞክሩ።»

ልጅቷ ጆሮዋን ደፈነች። ጣቱ ሌላ ነካ። ድምፁ ያንኑ አለ።

«አንዳንድ ጦጣ ቀይና አረንጓዴ አይለይም፤ አንዳንድ ሰውም እንዲሁ» አለች መርማሪዋ። «ካልሲዎም ለየቅል የሆነው ለዚህ ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ጦጣዎቹ ቀዩን ሲመርጡ በዓይኔ በብረቱ አየሁ ብሎ መጻፍ ነው። ፕሮፌሰሩ ዛሬ ትምህርቱን እንዲሞክሩላቸው አስቀመጡዎት፤ ሲሳሳቱ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባቸው። አይደለም?»

ሰውየው ጣቱን ከስክሪኑ አነሣ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«አልተቆጡም። መሰላሉ ላይ ሆነው፣ ቀስ ብለው፣ ‹አንተው ተናገር፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ያዝኑልኝ ነበር። ማዘናቸው ነው ያሳበደኝ። መሰላሉን ገፋሁት።» ወደ ስክሪኑ ዞረ። «እሷ ከሄደችም በኋላ መንካቱን አልተውኩም። አንዴ እንኳ ‹ትክክል ነው› እንዲሉኝ።»

ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ የመርማሪዋን ክንድ ጨበጠች።

«አባዬን የመረመረውን ሐኪም አነጋግረዋል። እውነቱን ይንገሩኝ። ስጠራው... አባዬ ይሰማኝ ነበር?»

«አልሰሙሽም፣ ልጄ» አለች መርማሪዋ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። «ገና ሲወድቁ ነው ያለፉት።»

ያን ጊዜ የልጅቷ እንባ ገነፈለ። ተንበርክካ፣ እንደ ሕፃን፣ ሳግ እያነቃት አለቀሰች።

ሐኪሙ ያለው ግን «ከወደቁ በኋላ በሕይወት ጥቂት ሳይቆዩ አልቀሩም» ነበር። መርማሪዋ ቃሉን እንደ ትኩስ ፍም ዋጥ አድርጋ ወደ መኪናዋ ወረደች።