እሱባለው ገብቷል

ልጅ ሳለሁ ጋሸና ላይ ሁለት ሾፌሮች ምሳ እየበሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ግማሹን ረስቼዋለሁ...

«ሟቹ ስምህን ሲጠራህ ምን አልከው?»

«አቤት አልኩታ!»

«ወይ አንተ! በመጀመሪያው ጥሪ?»

ቀጥሎ የተባባሉትን አላስታውስም። ሳቃቸው ብቻ ትዝ ይለኛል።

የምነግራችሁ ግን የዘንድሮን ነው። ያላመነ አይመን፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ላሊበላ፣ የአስጎብኚዎች ማኅበራችን ቢሮ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሁዳዴ ነበር። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፎታል።

አስጎብኚዎቻችን በስልካቸው ገብተው እንግዳ የሚይዙበትን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ራሴን አስተምሬ። ዳታቤዙ፣ ማለትም የአባላቱ መዝገብ፣ የይለፍ ቃሉን አይቶ «ትክክል ነው» ካለ ሰውየው ይገባል።

ድሮ የጻፍኩት በኮልባክ ነበር። «ስትጨርስ መልሰህ ጥራኝ» እንደማለት ነው። ጥሪ በጥሪ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ጥሪ ውስጥ... ስከፍተው እንደ ትል ክምር ይቀፈኝ ነበር።

ጠራርጌ በፕሮሚስ ተካሁት። ፕሮሚስ ቃል ነው። ዳታቤዙ «መልሱን አመጣለሁ» ብሎ ቃል ይገባል፣ አንተ ትጠብቃለህ።

ያን ቀን የማኅበሩ ጸሐፊ ሙሉሰው ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«አለነ...» ብሎ ጠራኝ።

«ወይ?»

«እሱባለው ገብቷል ይላል።»

አስጎብኚያችንን እሱባለውን ኅዳር ላይ ቀብረነዋል።

«ቀልድህ ያስጠላል» አልኩት።

«ኧረ በላሊበላ! ና እየው።»

አረንጓዴ ነጥብ። እሱባለው ገብቷል።

ኮዱን ገለጥኩት። ጥፋቱ የኔው ነው፤ «ጠብቅ» የምትለዋን አንዲት ቃል ዘልያለሁ። ኮምፒውተሩ መልሱን ሳይሰማ፣ ቃል መገባቱን ብቻ እንደ «አዎ» ቆጥሮታል። ማንም ሰው፣ ባሻው የይለፍ ቃል፣ በሟች ስም መግባት ይችል ነበር።

የገዛ ሥራዬን ተጸየፍኩት።

አስተካከልኩ። ሁሉንም አስወጣሁ። ሆን ብዬ የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስገባሁ። አይቻልም አለኝ።

«ተመስገን» አለ ሙሉሰው።

ከዚያ...

እሱባለው ገብቷል።

አሁን በትክክለኛው የይለፍ ቃል።

ክፍሉ ሸተተኝ። እርጥብ አፈር... ከሥሩ ደግሞ የሚጣፍጥ፣ የቆየ ነገር። አፌን ምራቅ ሞላው። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

የሟቹን ባለቤት ወለላን አስጠራናት። የእሱን ስልክ ይዛ መጣች። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ሰንጥቆታል፤ አይበራም።

«የይለፍ ቃሉን ታውቂዋለሽ?»

«ከየት አውቄ፣ ጋሼ!»

ይህን ስትል ስክሪኑ ላይ አዲስ ጉዞ ተጻፈ።

አስጎብኚ፦ እሱባለው።

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ነገ ንጋት።

እንግዳ፦ ወለላ።

ይምርሐነ ዋሻው ውስጥ የሙታን አጽም የተከማቸበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ከታች ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ይጠይቃል። «እንግዳዋ ተስማምታለች?»

«ይዤሽ እሄዳለሁ ይለኝ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «ፈረንጁን ሁሉ ሲያዞር እኔን ሳይወስደኝ...»

«እሰርዘዋለሁ። እሱ አይደለም! ሽታው አይሸትሽም?»

«ይሸተኛል።»

ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበችው። ፈገግ አለች። ሙሉሰው አፉን ይዞ ወደ ውጭ ሲሮጥ፣ ሲያስመልሰውም ሰማሁት።

ልሰርዝ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ቁልፉ ርሷል። ጣቴ ላይ ቀይ ጭቃ ቀረ።

«ወለላ... በእመቤቴ ይዤሻለሁ። እንቢ በዪ።»

አረንጓዴውን ነጥብ ረጅም ጊዜ አየችው።

«እሺ ይበሉልኝ፣ ጋሼ» አለች። «እሄዳለሁ።»

እጄን ከቁልፉ አንስቼ ነበር። ማንም ምንም አልነካም።

«አዎ» የሚለው በራ።