በጣት ብቻ

ኡንጋትን ያወቅሁት ቅርጫቴ ላይ ተቀምጦ ነው። በወንዙ ወደ ካፒት ከተማ ገበያ የምትወርደው ጀልባ ጢም ብላ ነበር። ለሽያጭ የለቀምኩትን የዱር ቅጠል መተላለፊያው ላይ አስቀምጬ ዞር ከማለቴ አንድ ረጅም ልጅ ዘና ብሎ ተቀምጦበታል።

«ቅርጫቴ ላይ ነው እኮ የተቀመጥከው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከዚህ የሚመች ወንበር አጣሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ገበያ ስንደርስ የጨፈለቀውን ቅጠል እንዳለ ገዛኝ። ቤተሰቡ አምስት ቀን ሙሉ ቅጠል ብቻ ሲበላ ከረመ ብሎ በኋላ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ቦታ ይዞልኝ አገኘዋለሁ። ብዙም አናወራም፤ ጎን ለጎን መቀመጡ ይበቃን ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ፤ ወደድኩት።

የነሱ ረጅም ቤት ከኛ በወንዙ ወደ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራል። ሁሉም አንግሊካን ናቸው። እሁድ ጠዋት ያስቀድሳሉ፣ ከሰዓት ቱዋክ የምንለውን የሩዝ ጠላ ይጠጣሉ። እኛም እንዲሁ ነበርን። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ግን አባቴ ሰባኪዎች ያመጡትን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበለ፤ እዚያ ደግሞ ጠላ በደጅ አያልፍም።

ሰው አባቴን አክራሪ ይለዋል። ይበል። ከዚያ በፊት የነበረውን እኔ ነኝ የማውቀው። ሲጠጣ ድስት ይወረውራል፤ እናቴ እኔን ይዛ ቁንዶ በርበሬ ማሳው ጎጆ ውስጥ ትደበቃለች። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን አባት ሰጠኝ። ዘመዶቼን ደግሞ ወሰደብኝ። አጎቴ አጠገባችን እየኖረ ሰላም አይለንም። አያቴ ስትቀበር እንኳ፣ ለቀስተኛው ይጠጣል ብሎ አባቴ ወንዙ ዳር ቆሞ ዋለ። የገዛ እናቱ እኮ ናት።

ከሁሉ የከፋው የጣት ነገር ነበር። እኛ የኢባን ጎሳ ሰዎች የቀረበልንን ባንፈልግ እንኳ በጣታችን ነክተን ከንፈራችን ላይ እናደርጋለን። ሳይነካ የሄደ ሰው መንገድ ላይ እባብ ወይም አዞ ያገኘዋል ይባላል። አባቴ ጣት መንከር ለመናፍስት መገበር ነው ብሎ ከለከለን። ቀስ በቀስ ቤቱ የሚጠራን ሰው አጣን።

ኡንጋት ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ሁለቴ መለሳቸው። በሦስተኛው እናቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው፤ ተሸነፈ። ቀን ለመቁረጥ ሦስታችን ወደ ኡንጋት ቤት ወጣን።

የኡንጋት አያት ራሳቸው ጠላ ቀድተው ብርጭቆውን አባቴ ፊት አስቀመጡ። ምንጣፉ ላይ ሠላሳ ሰው ይሆናል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ አልጠጣም» አለ አባቴ።

«ጠጣ ማን አለህ? በጣትህ ብቻ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ልጅህን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«አልችልም።»

«ቤታችንን በጣት መንካት ካቃተህ፣ ልጆቻችን በምን ሊዛመዱ ነው?»

ቁጣ አልነበረም፤ አዝነው ነበር። የኡንጋት አባት እንግዲያው ነገሩ እዚህ ላይ ይብቃ አለ። ኡንጋት አንገቱን ደፋ። ሁለት ዓመቴ እዚያች ብርጭቆ ላይ ሊያልቅ ነው።

አባቴ አየኝ። ከዚያ እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋ። ለእኔ ብሎ ነው። እናቴ ሳትቀር ፊቷ በራ።

እኔ ግን አባቴን እያየሁ ነበር። መንፈስ የፈራ ሰው ፊት አልነበረም። ዓይኑ ብርጭቆው ላይ ተተክሏል፣ ምራቁን ይውጣል። ያንን ፊት ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የፈራው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ጠላው ከንፈሩን አንዴ ከነካው ብርጭቆውን አያስቀምጥም።

ከጣቱ ሥር ነጥቄ በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። አያትዬው ግንባሬን ሳሙኝ፤ ዘመዳችን ሆነች አሉ። ጠላው ጣፈጠኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

አባቴ ተነሳ። ለእናቴ «ልጅሽ ቤቷን መርጣለች፤ እዚሁ ተያት» አላት። የጀልባው ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። አልተከተልኳቸውም፤ አላለቀስኩምም።

ሠርጋችን በአንግሊካን ሆነ። እናቴ ብቻዋን መጥታ፣ ምግብ ሳትቀምስ ተመለሰች።

ለኡንጋት እውነቱን የነገርኩት ከተጋባን በኋላ ነው።

«ሂጂና ንገሪው፣ ሚንዱ» አለኝ።

«ምን ብዬ? በሠላሳ ሰው ፊት ልትጠጣ ነበር፣ አየሁህ ብዬ?»

«ልጄ ካደችኝ ብሎ ከሚኖር አይሻልም?»

«አይሻልም። እኔ ብክድ ይችለዋል። እሱ ሊወድቅ እንደነበር ካወቀ ግን ያን ቀን ይወድቃል።»

እጄን ያዘኝ። ጥሩ ባል ነው፤ እወደዋለሁ። ሁለት ልጆች አሉን፤ አባቴ አያውቃቸውም። ሰው ሲጠይቀኝ ለምጄዋለሁ እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። በፊት የሚያመኝ ቦታ ደንዝዟል።

አንዳንዴ እናቴ ልጆቹን ልታይ ትመጣለች። አባቴ በየእሁዱ ጉባኤው ፊት ቆሞ፣ ስለ ጠፋችው ልጁ ስሜን ጠርቶ እንደሚያስጸልይ የነገረችኝ እሷ ናት። ደህና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ደህና ነው» አለች። «ከዚያ ቀን ወዲህ እንኳ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ጠብታ አልቀመሰም።»