አየር ያጠረው ኮምፒውተር

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ ግን የሆነውን ነው። ከራሷ ከማስተዋል አፍ ነው የሰማሁት፤ ማስተዋል ደግሞ ነገር የምታጋንን ሴት አይደለችም።

ሐምሌ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታው ገሳይ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት።

ከጉና ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ውጦት በቀትር የመሸ ይመስል ነበር።

ቤቱን የከፈተው የማስተዋል ባል ደምሴ ነው። በሳንባ ሕመም ብዙ ማቅቆ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አረፈ። የመጨረሻውን ቀን ማስተዋል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሹን ስታዳምጥ ዋለች። ረጅም ይስባል... ይይዘዋል... ከዚያ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ያወጣዋል።

አንዴ ሳበ።

አላወጣውም።

ከዚያ ወዲህ ማስተዋል እንባ የሚባል ነገር ከዓይኗ አልወጣም። በቀብሩም፣ በአርባውም። ጎረቤት ሐዘኑን ውጣው ነው አለ። እሷ ግን የዋጠችው ነገር አልነበረም፤ ምንም አይሰማትም ነበር። መራቧንም መብረዷንም ሳታውቅ ትውላለች። ቤቱን ትከፍታለች፣ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ትዘጋለች።

ክረምቱ ሲገባ ኮምፒውተሩ በሥራ መሀል ድርግም እያለ አስቸገራት። ከኋላው እጇን ብታስጠጋ ይፋጃል። ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ... ብረቱ ይፋጃል።

የደምሴ ጓደኛ አስማማው ደብረ ታቦር ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ደወለችለት። ያን የሐምሌ ቀን በሚኒባስ መጣ።

የኮምፒውተሩን ቀፎ፣ ኬዙን፣ በካቻቢቴ ፈታ። ከዚያም ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን አውጥቶ ከፈተው። ማቀዝቀዣው ፋን ደክሟል። ቀዳዳዎቹ በአቧራ ተደፍነዋል። የኬዙ ጀርባ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የኖረው።

"አየር አጥሮት ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም" አላት።

አቧራውን በጣቱ ቆንጥጦ አወጣ። እጁ ላይ አስቀምጦ አየው።

እርጥብ ነበር።

እንደዚያ በሚግል ሳጥን ውስጥ... እርጥብ አቧራ። በብርድ ቀን አፍ ላይ ተጣጥፎ የዋለ የነጠላ ጫፍ ይመስል ነበር።

አስማማው ውስጡን በብሩሽ ጠራረገው። ፋኑ ፊት የተንዘላዘሉትን ሽቦዎች ሰብስቦ ወደ ጥግ አሰራቸው። የአየር መውጫውን ጠባብ ወንፊት በፒንሳ እየቆረጠ አሰፋው። ከዚያ ትኩሱን አየር ወደ ውጭ እንዲገፋ አድርጎ አዲስ ፋን ገጠመለት። ሁሉን መልሶ ከገጣጠመ በኋላ ኬዙን ከግድግዳው አራቀው።

ሶኬቱን ገና አልሰካም።

ፋኑ አንዴ ዞረ... በዝግታ።

"ንፋስ ነው" አለ።

በሩ ዝግ ነበር።

ሰካው፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ። አየሩ በደንብ መውጣቱን ሊያይ ከሶፍት ላይ ቀጭን ቁራጭ ቀድዶ ከመውጫው ፊት ያዘ። ሶፍቱ ወደ ውጭ ተገፋ። ደህና።

ከዚያ... ወደ ውስጥ ተሳበ።

ፋኑ አቅጣጫ አልለወጠም። ያው ወደ አንድ ወገን ነው የሚዞረው። ሶፍቱ ግን ይሳባል... ይቆማል... ይገፋል።

"እስቲ አንቺ ያዢው" አላት በሹክሹክታ። "የኔ እጅ ይሆናል ያንቀሳቀሰው።"

ያዘችው።

ሶፍቱ ለረጅም ጊዜ ተሳበ። ቆመ። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር እያለ ተገፋ። ጣቷን የነካው አየር ለብ ያለና እርጥበት ያለው ነበር።

ማስተዋል አልደነገጠችም። ስትነግረኝ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ያኔ አለመፍራቴ ነው አለችኝ።

"ደምሴ ነው" አለች።

አስማማው ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። ፋኑ ቆመ።

ሶፍቱ አልቆመም።

እየዘገየ... እየዘገየ ሄደ። ማስተዋል ቀጣዩን ትጠብቅ ጀመር፣ ልክ ደምሴ እንደሞተበት ቀን።

"ተነሽ እንውጣ።"

"መልሰህ ሰካው።"

"ማስተዋል..."

"አየር አጥሮታል። ሰካው።"

እምቢ ሲላት ራሷ ሰካችው። አስማማው ካቻቢቴውን እንኳ ሳያነሳ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አያነሳም።

ኮምፒውተሩን አላጠፋችውም። አልጋለም፣ ድርግምም አላለም፤ ሥራው ግን ቀረ። ደንበኛ ሲመጣ ተበላሽቷል እያለች ትመልሳለች። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ እማማ እሌኒ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። ገና ከመግባታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከጓዳ የተኛ ሰው አለ እንዴ ልጄ?"

"የለም እማማ። ፋን ነው የሚሰሙት።"

አሮጊቷ ትንሽ አዳመጡ። መታወቂያቸውን ከእጇ ተቀብለው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ።

ነሐሴ ላይ፣ በእኩለ ቀን፣ መብራት ሄደ።

የእህል ወፍጮው ቆመ። የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ዝም አለ። ፋኑም ቆመ። ማስተዋል መዳፏን ከመውጫው ፊት ያዘች። ምንም የለም። ብረቱ ቀዝቅዟል።

ቀና ስትል በሩን አየች።

በበሩ መስታወት ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በሰው አፍ ቁመት ልክ የትንፋሽ ላቦት ያዘ። ጠፋ። መልሶ ያዘ። አንድ ሰው አፍንጫውን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ወደ መንገዱ እንደሚያይ።

መውጣት ፈልጎ ነው ብላ አሰበች። ተነስታ፣ እንዳትነካው በግድግዳው ጥግ ሄዳ ልትከፍትለት እጀታውን ያዘች።

"በቃ ሂድ፣ ደምሴ" አለችው።

ላቦቱ ጠፋ። መስታወቱ ጠራ።

ከዚያ... ከእጀታው ዝቅ ብሎ፣ ከወገቧ በታች፣ አሁንም ከውስጥ በኩል... ሌላ ላቦት ያዘ። ትንሽ። የሕፃን አፍ የሚያክል።

ማስተዋልና ደምሴ ልጅ ወልደው አያውቁም።

ብዙ ሮጦ እንደ ደረሰ ልጅ ትንፋሽ ላቦቱ ቶሎ ቶሎ ይይዛል... ይጠፋል... ይይዛል።