የአሥረኛ ቢ ኬላ

«አገርሽን ጥለሽ የወጣሽው ለምንድን ነው?» አለች ማሂ፣ ከመምህሩ ጠረጴዛ ጀርባ ኮራ ብላ ተቀምጣ።

ትንሳኤ የተሰጣትን ካርድ አየት አደረገች። «ጦርነት ነው፣ ጌታዬ።»

ክፍሉ በሳቅ አወካ። «ጌታዬ ትላታለች እኮ!»

ስደት በመጽሐፍ ብቻ አይገባም ብለው ኬላውን ያቋቋሙት የጂኦግራፊው መምህር ኃይለየሱስ ናቸው። ተማሪው በየተራ አንድ ቀን ስደተኛ፣ አንድ ቀን የኬላ ሹም ይሆናል። ካርዱ ላይ የሌለ ጥያቄ ከመጣ ስደተኛው ከራሱ ሕይወት ይመልሳል፤ ውሸት የያዘ ሹም አምስት ማርክ ያገኛል። መምህሩ ከጎንደር ተመድበው ከመጡ ገና አራት ወራቸው ነው። አሰላ ላይ ማን የማንን ገመና እንደሚያውቅ ከየት ያውቃሉ?

«ከቤተሰብሽ በሕገወጥ መንገድ ድንበር የተሻገረ አለ?»

ትንሳኤ ቀና ብላ አየቻት። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«የለም።»

«ወንድምሽስ?»

«አዋሳ ነው። በአጎቴ ሱቅ ይሠራል።»

ማሂ እጇን ሽቅብ ሰደደች። «መምህር፣ ይዣታለሁ! ብሩክ አዋሳ አይደለም። በጅቡቲ አድርጎ የመን ገብቷል። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እያለቀሰች!»

«ያ ረቢ!» አለ ኢብሳ ከኋላ።

ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም። የትንሳኤን አባት፣ አቶ እንደሻውን፣ የማያውቅ ተማሪ አልነበረም። የቀበሌው የስደት መከላከል ኮሚቴ አባል ናቸው። ባለፈው ወር እዚሁ ግቢ ሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆመው «ልጆቼ፣ በደላላ ወሬ እንዳትሸወዱ» ብለው ነበር።

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ እንደገና አነሱ። ሕግ ሕግ ነውና አምስቱን ማርክ ለማሂ ጻፉላት።

በረፍት ሰዓት ማሂ ሮጣ ደረሰችባት። «አኮረፍሽ እንዴ? አቦ፣ ጨዋታ እኮ ነው! ሚድ ፈተናውን እንደወደቅኩ እያወቅሽ!»

«ለአንቺ ብቻ ነበር የነገርኩሽ።»

«እና ምን አለበት? እዚህ ከተማ ልጅ ያልሄደበት ሰፈር የት አለ?»

እሱስ እውነቷን ነው፤ ያልሄደበት ሰፈር የለም። በየቤቱ እየዞረ አትሂዱ የሚል አባት የነበረው ግን ብሩክ ብቻ ነበር።

አቶ እንደሻው አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። አልተቆጡም። የኮሚቴውን ሰደርያ አውልቀው፣ በአራት አጥፈው ለትንሳኤ ሰጧት።

«ነገ በቀበሌ ስታልፊ አድርሽልኝ» አሉ። ፊቷን ግን አላዩም።

በማግስቱ ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ትንሳኤ ነበረች። ማሂ ተራዋ ደርሶ ካርዷን ዘረጋች።

«የሚቀበልሽ ዘመድ አለሽ?»

«እናቴ አለች። ቤሩት ናት።» ማሂ ወደ ክፍሉ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «በየሳምንቱ ትደውልልኛለች።»

ይህን ክፍሉ ሁሉ መቶ ጊዜ ሰምቶታል። እናትየው ከደወለች ሦስት ዓመት እንዳለፈ የምታውቀው ግን ትንሳኤ ብቻ ናት። ማሂ እሑድ እሑድ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እየሳቀች የምታወራው ከማንም ጋር አልነበረም።

«ቲኑ፣ በይ ብድርሽን መልሺ!» አላት ኢብሳ ትንሳኤን በሹክሹክታ።

«የምትጨምሪው ጥያቄ አለ?» አሉ መምህሩ።

ጥያቄው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ማሂ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ በዐይኗ ትለምናታለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ስምዎን ይንገሩኝ» አለች ትንሳኤ።

«ምን?»

«ስምዎን።»

«ማ... ማህሌት።»

ትንሳኤ ሰምታው እንደማታውቀው ስም፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈችው። ከድንች የተቀረጸውን ማኅተም ቀለም አስነክታ ካርዱ ላይ አሳረፈች።

«ይለፉ።»

«ቲኑዬ...»

«ይለፉ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለችና በማሂ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ሰልፉ ተመለከተች። «ቀጣይ!»