ስምንት ቦታ የተከፈለው ቃል

የእንግሊዝኛው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተደፍቷል። የደወሉ መምቻ ብረት የራስ ቅሉን ከኋላ አድቅቆታል፤ ደሙ እስከ ሁለተኛው ዴስክ ፈስሶ ረግቷል። ሰሌዳው ላይ ኃላፊነት ማለት የሆነው ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል፣ «ሪስፖንሲቢሊቲ»፣ በላቲን ፊደል ተጽፎ በሰረዝ ስምንት ቦታ ተከፍሏል፤ የመጀመሪያው ክፋይ አናት ላይ ጭረት አለ።

ኢንስፔክተር አመተሥላሴ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አየች። ጠመኔ አልነካቸውም።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ቃል በሰረዝ ከፋፍሎ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ዝንፍ አይልም» አሉ ሽማግሌው ዘበኛ ጋሽ ወንድምአገኝ። «ሦስት ሰዓት ላይ ልጆቹን ላስገባ ስመጣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ግቢው ውስጥ ማን ነበር፣ ጋሼ?»

«መምህርት ተሾመች ከማለዳ ጀምራ አለች። መምህር ባስልዮስ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቀየት ገበያ ወጣ።»

የጂኦግራፊው መምህር ባስልዮስ አልተደናገጠም። «ሁለት ሰዓት ላይ ገበያ መሀል ነበርኩ፤ አገር አይቶኛል። እሷን ይጠይቋት፤ ትናንት ሲጯጯሁ ነበር።»

ከሟቹ ጋር እንግሊዝኛ የምታስተምረው ተሾመች ዓይኗ አብጧል። «የተጨቃጨቅነው ስለ ተማሪያችን ስለ እየሩስ ነው። ባስልዮስ በቀበቶ ገርፎ አንድ ዓይኗን አጥፍቷል። ፍቅሬ ሰኞ ፍርድ ቤት እመሰክርበታለሁ ሲል፣ ተው ይገድልሃል አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ለሁለቱ መምህራን ለየብቻ ወረቀት ሰጠች። «ዩኒቨርሲቲ የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉና እንደ ድምፁ ከፋፍሉልኝ።» ጋሽ ወንድምአገኝ የላቲን ፊደል አያውቁም።

ከዚያ ሦስቱንም ደሙ ወዳለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ተሾመች፣ የሰሌዳው ቃል በስንት ይከፈላል?»

«በስድስት። ድምፅ ጠበቅ ተደርጎ የሚነበበውም አራተኛው ላይ ነው። እዚህ ግን የማጥበቂያው ጭረት መጀመሪያው ላይ ነው። ፍቅሬ እንዲህ አይስትም!»

«ስምንት የሆነው በእኛ ፊደል ስለተቆጠረ ነው፤ ሪ፣ ስ፣ ፖ፣ ን፣ ሲ፣ ቢ፣ ሊ፣ ቲ። በእንግሊዝኛ ‹ስ› እና ‹ን› እዚህ ለብቻቸው አይቆሙም። የሟች ጣት ላይም ጠመኔ የለም። ስለዚህ የጻፈው ገዳዩ ነው፤ ሟቹ እስከ ሁለት ሰዓት በሕይወት እንደነበረ ሊያስመስል። ይህ የሚጠቅመው ቀድሞ ለወጣ ሰው ብቻ ነው። ቃሉን ጠረጴዛው ላይ ካለው የሟች የትምህርት ዝግጅት ደብተር ቀዳህ፣ ባስልዮስ፤ አከፋፈሉ ግን እዚያ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲን ተሾመች በአምስት ከፈለች። አንተ በስድስት፤ ‹ር›ን ለብቻዋ አቆምካት።»

ባስልዮስ ዘሎ የኢንስፔክተሯን ጉሮሮ አነቀ። ጋሽ ወንድምአገኝ በዱላቸው መንጋጋውን ሲሉት ጥርሱ ረገፈ፤ ኢንስፔክተሯ እያሳላት እጆቹን ጠምዝዛ አሰረች።

«ስጽፍ ገና አልሞተም ነበር» አለ ደም እየተፋ። «እስክጨርስ ድረስ ያቃስት ነበር።»

ተሾመች ወደ ጎረቤት ክፍሉ ግድግዳ ዞረች።

«ሰምቼዋለሁ» አለች። «ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ደብተር እያረምኩ ሰምቼዋለሁ። ነፋስ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ።»