ሰማያዊው ሳጥን አንድ ረድፍ ሲወርድ

ከሕፃናት ክፍል አንድ ነርስ በየጠዋቱ የመድኃኒት ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ይወርዳል። «ይቺ ነጥብ ናት ወይስ የቀለም ጠብታ?» ይላል። ነጥብ መሆኗን አሳምሮ ያውቃል። የፋርማሲው ሰዎች «አቶ ጥያቄ» ብለውታል። ወረቀቱን የምታዘጋጀው ወጣት ፋርማሲስት ግን ሲመጣ አንገቷን ደፍታ ትመልስለታለች፤ ቀና የምትለው ጀርባውን ሲሰጣት ነው።

ዛሬ ዘገየ። እሷም በር በሩን ማየቱ ሲያሳፍራት፣ ጠዋት ያተመችውን ሠንጠረዥ ኮምፒዩተሩ ላይ መልሳ ከፈተችና የአንዲትን ጨቅላ ልክ ሁለቴ ጠቅ አደረገች። ቀመሩ ተገለጠ። ቀመሩ የሚያባዛቸው ቁጥሮችም እንደ ልማዳቸው በቀለም ሳጥን ተከበቡ፦ ቀዩ ለአንድ ኪሎ የሚሰጠውን የመድኃኒት መጠን፣ ሰማያዊው የልጁን ክብደት።

ሰማያዊው ግን ጨቅላዋ ላይ አልነበረም። አንድ ረድፍ ወርዶ፣ ጢም ሊያበቅል የደረሰ ጎረምሳ ክብደት ላይ ተደላድሏል።

የሚቀጥለውን ጠቅ አደረገች። እሱም ወርዷል። የሚቀጥለውም። ትናንት አዲስ የገባ ሕፃን ስትጨምር ስምና ክብደቱን ወደ ታች ገፍታ፣ የልኩን ዓምድ ባለበት ትታዋለች። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ልጅ የጎረቤቱን ልክ ተሸክሟል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ተረጋግጧል» የሚል የፋርማሲው ኃላፊ ማህተም አርፎበታል። ኃላፊው የሚያረጋግጡት የማህተሙ ቀለም አለመድረቁን ብቻ ነው።

ስልኩን አንስታ ወደ ሕፃናት ክፍል ደወለች።

«የመድኃኒት ወረቀቱን የሚይዘው ነርስ አለ?»

«ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ» አለች አንዲት የክፍሉ ነርስ።

«ወዴት?»

«እኔ እንጃ እህቴ። ወደ ልጆቹ ይሆናላ።»

«ማንም ምንም እንዳይሰጥ። ሩጪና አስቁሚው።»

ራሷም ደረጃውን ተያያዘችው። ጨቅላዋን በዓይኗ አይታት አታውቅም፤ የምታውቀው ክብደቷን ብቻ ነው። ያ ክብደት ደረቷ ላይ ተጭኖ ትንፋሽ ከለከላት።

መታጠፊያው ላይ ወረቀቱን ይዞ ሲወርድ ተገናኙ።

«ሰጠሃቸው?»

«ምን?»

«መድኃኒቱን። ለልጆቹ።»

«ገና ነው። መጀመሪያ አንቺን ልጠይቅሽ ብዬ...»

«ምኑን?»

ወረቀቱን አየ። ጣሪያውን አየ። «እሱን ገና አላሰብኩትም» አለ። «የዘገየሁትም እኮ ለዚሁ ነው።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሆነውን ስትነግረው የእሱም ፊት አመድ መሰለ፤ ከአጠገቧ ተቀመጠ።

«በእጄ ልሰጣት ነበር» አለ።

«በእጄ ጽፌው ነበር።»

ወረቀቱን ሁለቱም በየጫፉ ይዘው ወደ ፋርማሲው ወረዱ።

ለኃላፊው ራሷ ሄዳ ተናገረች። «ማህተሙስ እንዴት አለፈው?» ብለው ማህተሙን ገልብጠው አዩት። ከዚያ ነርሱ አጠገቧ ቆሞ የእያንዳንዱን ልጅ ክብደት ከካርዱ እያነበበላት፣ ሰማያዊው ሳጥን በየልጁ ረድፍ እስኪገባ አብረው አረሙት። ጨቅላዋ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበላት።

አዲሱን ወረቀት ተቀብሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ የምጠይቀው ባጣስ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ሳትደፋ አየችው።

«ባዶ እጅህንም ቢሆን ና» አለች። «ብቻ መድኃኒቱን ሳትሰጥ ና።»